የበቅሎ ዛብና የመኪና እጀታ

ወገኖቻችን በእግራቸው ከቡሬ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ እኛ በበቅሎ ጀርባ ሆነን እንከተላቸው ነበር። በሕፃንነታችን የያዘን የፖሊዮ በሽታ እግሮቻችንን ስላሰለላቸው፥ መሄጃችን በቅሎዋ፥ ሥልጣናችንም ዛቡ ነበር። ስንስበው ትቆማለች፤ ስናላላው ትሄዳለች። ይህ ትምህርት በእጃችን ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያወቅነው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በፍኖተ ሰላም ዳርቻ ነው።

እንደ እኛው እግሩ የማይታዘዝለት አንድ ዘመዳችን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪናውን፥ በመንገድ መሙያ እንዳያጣ ሠግቶ፥ በጭነት መኪና አስጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉት በዝተዋል። ፍሪሲዮን የላት፥ ማርሽ መቀያየር የላት፤ ለእግር የቀሩት ሥራዎች ኃይል መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ ናቸው። እነዚህንም ከመሪው በታች በግራ በኩል የተገጠመ አንድ እጀታ ይፈጽማቸዋል። ኃይል መስጠቱ በሽቦ የሚተላለፍ ምልክት ነውና የጣት ጉልበት ይበቃዋል። ፍሬኑ ግን በብርቱ መጫንን ስለሚፈልግ ከእጀታው እስከ ፔዳሉ የሚደርስ የማይታጠፍ ዘንግ ያሻል፤ ይህን እንደ አልጋ እግር በየብየዳ ቤቱ የሚያስበይድ ሰው ቢኖር እኛ ከአጠገቡ አንቀመጥም።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1913 ዓ.ም. እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ በእጅ ብቻ የሚነዳ ፎርድ ነበራቸው። በ1937 ዓ.ም. በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በመርከብ ተቀብለው ያነጋገሩ እኒሁ ሰው ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ ከስደት ሲመለሱ በዚሁ በቡሬ ጎዳና አልፈዋል።

ዘመዳችን፥ «ሲስቡት ትሄዳለች፥ ሲገፉት ትቆማለች» ብሎ አስጠናን፤ እኛም ደገምንለት። በግጦሽ ሜዳው ላይ ጥቂት እንደ ሄድን አንዲት ጥጃ ከፊታችን ብቅ አለች። እጃችን ምክር አልጠየቀንም፤ ሳበ። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይሉን ሳያዘገይ የሚሰጥ ነውና መኪናዋ ተወረወረች። መሪውን ወደ ቦዩ ባናዞረው ኖሮ ጥጃዋ ባልተረፈች።

«አንተ ሰው፥ በቅሎ መሰለችህ እንዴ?» አለን።

በእውነትም መስላን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ በወረድን ጊዜ የባጃጅ ነጂዎችን እጅ ስንመለከት እንውላለን። ቀኙ መያዣውን በማጠማዘዝ ቤንዚን ይሰጣል፤ ግራው ፍሪሲዮኑንና ማርሹን ይዟል፤ ለእግር የተተወለት ፍሬኑ ብቻ ነው። ከመኪና እጀታዎችም መካከል እንዲሁ ሲያጠማዝዙት ኃይል የሚሰጥ፥ ሲገፉት ፍሬን የሚይዝ ዓይነት አለ። በድንጋጤ ቢስቡት መኪናዋን ባያቆማትም አያስፈተልካትም፤ ማጠማዘዙንም ሲለቁት ሞተሩ ራሱ ኃይልን ወደ ባትሪው እየመለሰ ፍጥነቷን ይቀንሳል። በዛብ ላደገ እጅ የሚስማማው ይህ ነው።

ዘመዳችን የራሱን እጀታ እንዲለውጥ አልመከርነውም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፥ በቅሎ ይዞ አያውቅም። እኛ ግን ገንዘቡ በሞላልን ጊዜ ከሻጩ ዘንድ ከዋጋው አስቀድመን የምንጠይቀው የእጀታውን ዓይነት ነው።