የማይጎብጠው አንገት

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ሲጻፍ ዜማው እንጂ አንገቱ የሚነሣበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ ብዕሬን ያነሣሁት በሙያዬ የፈጸምሁትን አንድ ስሕተት ሳልሸሽግ ለመግለጽ ነው፤ ግለ ሒስ ቢባልም አልከፋም።

በሲያትል ከተማ ምሽት ምሽት ጊታር አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ያገለገለ ጊታር ገዝታ መጣች። ካርቦን ለጊታር እንግዳ አይደለም። ሄሊኮፕተር ሠሪው ቻርልስ ካማን ያቋቋሙት ኦቬሽን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዳማስ የተባለውን ጊታር ደረት በካርቦን ሠርቶታል፤ ኋላም በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት፣ ጆን ዴከር የተባሉ ሳይንቲስት ሬይንሶንግን የመሠረቱት ዝናብና እርጥበት የማያበላሸው ጊታር ፍለጋ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ካርቦን ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው ለማለት ይቻላል።

ልጅቱ ጣቶቿን ስላመማት የ12 ቁጥሩን አውታር አውርዳ የ10 ቁጥሩን አሰረች። ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ዝዝ የሚል ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ አንገቱ ተበላሽቶ ይሆን?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ «ካርቦን አይጎብጥም ልጄ፤ ጥፋቱ የእጅሽ ነው» አልኋት። ሁለት ሳምንት ቀረች።

ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ቁጥሩ የቀጭኑን አውታር ውፍረት በኢንች ሺኛ ይገልጻል። የ12ቱ ስድስት አውታሮች በመደበኛው ቅኝት በድምሩ ወደ 73 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ የ10ሩ ግን ወደ 60። ርዝመቱና ቅኝቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ ብቻ ሲቀንስ፣ ውጥረቱ ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወርድ ቀጭኑ አውታር ብቻውን 30 በመቶ ያህል ይላላል። ስበቱ ሲቀል አንገቱ ወደ ኋላ ይቃናል፤ ለአውታሩ መወዛወዣ የተተወለት ጥቂት ስርጉድነትም ያንሳል። በእንጨት ጊታር ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ አላልቶ ማስተካከል ነው። የልጅቱ ጊታር ግን ዘንግ አልነበረውም።

ተመልሳ ስትመጣ መካኒኮች የካንዴላ ክፍተት የሚለኩበትን ስስ ብረት ይዤ ጠበቅኋት። አውታሩን በመጀመሪያውና በ14ኛው ፍሬት ላይ ተጭነን በመካከል ያለውን ክፍተት ለካን፤ በ12ቱ 0.20፣ በ10ሩ 0.15 ሚሊ ሜትር። በእኔው የማሆጋኒ አንገት ላይ ይኸው ለውጥ ከ0.30 ወደ 0.15 አወረደው። እንግዲህ ካርቦንም ይጎብጣል፤ እጅግ በጥቂቱ ነው እንጂ። ለዝዝታው ግን አንገቱ ብቻውን ምክንያት አልነበረም። የላላ አውታር በዚያው የጣት ኃይል ሲመታ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፤ እሷ ደግሞ ትዝታን ስትጫወት አውራ ጣቷ ብርቱ ነው። ይህንን ብርታት ለሦስት ዓመት ሳሞግስ የኖርሁት እኔው ነኝ!

ይቅርታ ጠየቅኋት። የ11 ቁጥሩን አሰርን፤ ከአውታሮቹ በታች ያለውንም አጥንት በስስ ማስደገፊያ ጥቂት ከፍ አደረግነው። ዝዝታው ጠፋ። ጊታሯን ወደ ሣጥኑ ስትመልስ፣ «ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ብቃኘውስ?» አለችኝ። ውጥረቱ 11 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በወረቀት ላይ አሰላሁላት፤ የአንገቱን ግን ሳንለካ አልመልስም ብዬ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠርኋት።