የቆመ መኪና ዘይት

የሞተር ዘይት መቼ ይቀየራል ተብሎ ሲጠየቅ ሹፌር ሁሉ የሚመልሰው በኪሎ ሜትር ነው። 5,000 የሚል አለ፤ እንደ ዘይቱ ጥራት ከዚያም የሚያስኬድ አለ። ይህ መልስ በየቀኑ ለሚሠራ መኪና ይበቃል። በዓመት 500 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ የጭነት መኪና ግን በዚህ ስሌት ከሄደ ዘይቱ የሚቀየረው በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ሊሆን ነው። በቤታችን ብዙ ያከራከረን ይኸው ስሌት ነው።

አባቴ ሹፌር ነው፤ «ነበር» ሲባል አይወድም። ለቡ በሚገኘው ግቢያችን የቆመው አይሱዙ ኤን ፒ አር እኔንና ወንድሞቼን ያስተማረ፣ የቤታችንን ብሎኬት ተሸክሞ ያመጣ መኪና ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የጭነት መኪናዎች ቀን ቀን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እንዳይንቀሳቀሱ የሚገድብ መመሪያ ወጣ። ሥራው ወደ ሌሊት ዞረ፤ የአባቴ ዓይን ደግሞ ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት መቋቋም ተስኖት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር፣ ሹፌር ቀጥሮ ማሠራቱም ለእኛ የማያዋጣ ሆነ። መኪናው ቆመ።

እናቴ «ለማያርስ በሬ ጭድ አይገዛም» ትላለች። ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሜ «ይሸጥ» ይላል። አባቴ ለሁለቱም መልስ አይሰጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግን ቁልፉን ይዞ ይወጣና ሞተሩን ያስነሣል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ድምፁን አዳምጦ ያጠፋዋል። መኪናውን በሕይወት የሚያቆየው ይህ እንደሆነ ያምን ነበር።

ባለፈው ዓመት ለቦሎ ምርመራ ሊያዘጋጀው የመጣው መካኒክ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገልብጦ አሳየን። ወተት የበዛበት ማኪያቶ የመሰለ ዝቃጭ ተጋግሮበታል። «ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ነው» አለ።

ውሃው ከዝናብ አልመጣም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወልዳል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ዳርቻ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሞተር ዘይቱ ስለሚግል እርጥበቱን አትንኖ ያስወጣዋል። አምስት ደቂቃ ብቻ የሠራ ሞተር ግን ውሃውን ወልዶ፣ የሚያተንበትን ሙቀት ሳያገኝ ይጠፋል። ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥላሸትም ይታከልበታል። በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ተቃጥሎ ከውሃው ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ዘይት አምራቾች ይህን አሲድ የሚያመክን ቅመም አስቀድመው ይጨምራሉ፤ እሱ ሲያልቅ ግን ተራው የብረቱ ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን ደግሞ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በክረምት እርጥበት የቆመ ሞተር በውስጡ ጤዛ ይቋጥራል።

እኔ በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝ። ብድር የወሰደ ደንበኛ ገንዘቡን ሳይነካው ቢያስቀምጠውም ወለዱ በየቀኑ ይቆጠራል። «እኔ እኮ አልተጠቀምኩበትም» የሚለውን አቤቱታ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ከማዘን በቀር መልስ የለኝም። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ሁለት ቆጣሪ አለው፤ አንዱ ኪሎ ሜትሩን፣ ሌላው ቀኑን ይቆጥራል። የአምራቾች መመሪያ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ወይም ይህን ያህል ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ቀይሩ የሚለው ለዚህ ነው። ጥቂት ለሚነዳ የጭነት መኪና፣ መመሪያው ከዚህ ያጠረ ጊዜ ካላዘዘ በቀር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከነፊልትሮው መቀየር ግድ ነው።

ዘይቱን ከመግዛት ይልቅ የከበደን፣ የቅዳሜዋ አምስት ደቂቃ ለመኪናው መድኃኒት ሳትሆን በሽታ መሆኗን ለአባቴ መንገር ነበር። ከእኛ ይልቅ መካኒኩ ደፈረ። «ጋሼ፣ ወይ አርቀው ይንዱት፣ ወይ ይተዉት ይተኛ» አለው። አባቴ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ዓለም ገና ድረስ ይበቃል?» ሲል ጠየቀ።

ይበቃል ተባለ። አሁን በወር አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ታናሽ ወንድሜ መኪናውን ከለቡ አስነሥቶ በጀሞ በኩል ዓለም ገና ያደርሰዋል፤ ደርሶ መልስ ዘይቱ በደንብ ይግላል። አባቴ ጋቢና ውስጥ ጎኑ ተቀምጦ ያዳምጣል። ዘይቱን የምንቀይረው ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት ነው፤ ቆሻሻው አብሮ እንዲወርድም ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ይፈሳል። እናቴ ዛሬም የጋሎኑን ዋጋ ትቆጥራለች። የሽያጩ ነገር አልተቆረጠም፤ ገዢ ቢመጣም መጀመሪያ የሚከፍተው ያንኑ ክዳን ነውና የዘይቱ ወጪ በየትኛውም መንገድ አይባክንም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ጸጥ ብሏል። ቁልፉ ግን አሁንም ያለው በአባቴ ኪስ ነው።