ሎሚና ግንድ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በየስብሰባውና በየደቦው ይነገራል። እኔን ሰሞኑን ያሳሰበኝ ግን ሎሚ ለምን እንደ ተመረጠ ነው። ለምን ግንድ አላሉም? ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል፤ አንዱ ሎሚ ሌላውን አይጠብቅም። የኔ ከኋላ ቢቀር ያንተን አይጎትተውም። ግንድ ግን ሃምሳ ሰው ቢሸከመውም አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል።

ይህን ሐሳብ ያመጣብኝ ኮምፒዩተር ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ እንጂ፣ ታሪኩን ግን ስሙልኝ። በበጋ ጎብዬ አካባቢ አስተምራለሁ፤ በክረምት እዚህ እማራለሁ። መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ ስለማይዳረስ እኔና ባልደረቦቼ መልመጃ በእጃችን እየጻፍን በስልክ ፎቶግራፍ አነሣነው። 480 ገጽ ሆነ። በተማሪ ወላጆች ስልክ ላይ እንዲገባ እያንዳንዱ ገጽ መጠኑ ማነስ፣ ጽሑፉም መጥራት ነበረበት። አንዱ ገጽ 15 ሴኮንድ ይፈጃል። ሒሳቡን ሥሩት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ የኮምፒዩተሩ ባትሪ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይቆይም። ፈተናው በሳምንቱ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

እንደሚታወቀው የዛሬ ኮምፒዩተር በሆዱ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ አይደለም ያለው። የኔው አሮጌ እንኳ አራት አለው። ሥራውን አንድ በአንድ ስናዝዘው ግን አንዱ ይለፋል፣ ሦስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት ላይ፣ «ኤክስአርግስ» የሚባል የቆየ ትእዛዝ አለ። ትልቁን የላቲን «ፒ» ከ4 ቁጥር፣ ትንሹን «ኤን» ደግሞ ከ1 ቁጥር ጋር አስከትለን ስንጽፍለት የሥራውን ዝርዝር ተቀብሎ ለአራቱ ያድላል፤ አንዱ ሲጨርስ ወዲያው ቀጣዩን ያሸክመዋል። ሁለቱ ሰዓት ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ዘለለ፤ በቃ። አራቱ አብረው ሲሠሩ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል፤ ቢሆንም ሥራው ቀደመው።

«ፓራለል» የሚባል ሌላ መሣሪያም አለ፤ የዴንማርኩ ኦሌ ታንገ የጻፈው ነው። ለእኛ አገር ሰው ሁለት ነገሩ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሠራተኞቹ የሚያወጡትን መልእክት አያደበላልቅም፤ የእያንዳንዱን ለየብቻ ሰብስቦ ያቀርባል። ሁለተኛ፣ ከታዘዘ የሥራ መዝገብ ይይዛል። መብራት በመካከል ቢሄድ ሲመለስ መዝገቡን አይቶ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ያለቀውን እንደገና አይነካም።

ሆኖም ደስታው ገደብ አለው። 480ዎቹን ገጾች ቁጥራቸውን ጠብቆ ወደ አንድ መጽሐፍ የማያያዙ ሥራ ለአራት አይከፈልም። የመጨረሻው ገጽ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው። ግንዱ ይኸ ነው እንግዲህ።

የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። የማሽላ ቆረጣ ሲደርስ ደቦ ተጠርቶ ሃያ ሰው በማሳው ዳር ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ የራሱን መደዳ ይዞ ይገባል። ማጭድ ማጭድን አይጠብቅም። ሃያው በዘፈን እየተቀባበሉ ማሳውን በአንድ ቀን ያነሡታል። አውድማው ግን አንድ ነው። በሬዎቹ የሚዞሩት እዚያው ላይ ነው፤ ገለባው ከፍሬው የሚለየውም ነፋስ ሲነሣ ነው። ነፋስን በደቦ አይጠሩትም።

ጂን አምዳል የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ በሒሳብ አስረድቷል። አንድ ሥራ 100 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ደቂቃው የማይከፈል ነው። አራት ሠራተኛ ብናሰማራ 80ው ወደ 20 ይወርዳል፤ ድምሩ 40 ደቂቃ ይሆናል። ሺህ ሠራተኛ ብናመጣስ? ከ20 በታች አይወርድም!

ማሽላን ካነሣን ዘንድ፣ የከተማችንን ስም የያዘ «ጎብዬ» የሚባል የማሽላ ዝርያ መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኤጄታ በመሩት ምርምር የተገኘ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ነው። ለገበሬ የተለቀቀው በ1992 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዘር የሚያሻሽሉ ተመራማሪዎች አያሌ ዓይነቶችን በአንድ ወቅት ጎን ለጎን በየመደቡ ይዘራሉ። አንድ በአንድ ቢሞክሯቸው ዕድሜ አይበቃቸውም። ዳሩ ግን መቶ መደብ ስለ ተዘራ ማሽላው በአንድ ወር አያፈራም። ከዘንድሮው መከር የተመረጠውም ዘር ቀጣዩን ወቅት መጠበቁ አይቀርም።

ወደ ሙያችን እንመለስ። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የቡድን ሥራ እንሰጣለን፤ ስድስት ስድስት ሆነው አሥር ቡድን ይሆናሉ። በ10 ደቂቃ ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ መምህሩ እየዞረ ለአንድ ቡድን 3 ደቂቃ ቢሰጥ 30 ደቂቃ ሄደ፤ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። አሥረኛው ቡድን ያን ሁሉ ጊዜ ምን ይሠራል? ይንጫጫል። እኛም «ይህ ክፍል ረባሽ ነው» እንላለን። ልጆቹ ግን ረባሾች አይደሉም፤ አውድማ ላይ ተራ የሚጠብቁ ናቸው። አውድማውም መምህሩ ራሱ ነው።

ስለዚህ እኔ ዘንድሮ እንዲህ ማድረግ ጀምሬአለሁ። የመልስ ወረቀቱን ለቡድኖቹ አድዬ እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ አደርጋለሁ፤ ይህ የሎሚ ሥራ ነው። እኔ የምይዘው ሁሉም የሳቱትን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱን ሰሌዳ ላይ ለሁሉም አንድ ጊዜ አስረዳለሁ። እናንተም የማስተማር ልምምድ ስትወጡ የትምህርት ዕቅዳችሁን ከመጻፋችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ ከዚህ ሥራ ውስጥ የትኛው የትኛውን ይጠብቃል? መልሱን ካወቃችሁ በክፍላችሁ ማንም ልጅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።