«ፓራሲታሞል ብቻ ብሎ ሰደደኝ»

ከወገኖቻችን መካከል የቤተሰብ ሐኪሙን፣ እዚህ ለንደን «ጂፒ» የምንለውን፣ የማያማ ጥቂት ነው። ወቀሳውም አንድ ዓይነት ነው። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስስል ሰንብቼ፣ ለቀጠሮ ስልክ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ሥራዬን ትቼ ብሄድ፣ ደረቴን አዳምጦ ‹ቫይረስ ነው፣ ውሃ ጠጣ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ› ብሎ ሰደደኝ!» ይላል የተበሳጨው ወገናችን። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፈረንጅ ብሆን ኖሮ አንቲባዮቲክ ይሰጠኝ ነበር» ሲል ይጨምራል።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ መኪና አቁመን ተራ ስንጠብቅ ይህን ወቀሳ በሰማሁ ቁጥር የአስተማሪነት አመሌ ይነሣብኛል። ሐኪሙ ይህን ምክር ከየት አመጣው? መልሱን ፈልጌ ያገኘሁትን ለእናንተ ላካፍል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። መልሱ የተገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ሳይሆን በእነዚያው በምናማቸው ሐኪሞች ክፍል ውስጥ ነው፤ እኛንም በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለበት።

የሕክምና ምርምር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሆስፒታልና ላቦራቶሪ ነው። ሆስፒታል የሚደርሰው ግን የጠናበት ሰው ነው። ሳል፣ ጉንፋን፣ የጉሮሮና የወገብ ሕመም የያዘው ሰፊው ሕዝብ የሚታየው በቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ነው። በአልጋ ላይ በተኛ ሕመምተኛ የተገኘ ውጤት በእግሩ ሄዶ ክሊኒክ ለሚገባው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የተራ ሕመም ጥያቄ የሚመለሰው ተራው ሕመምተኛ ባለበት ቦታ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ዊሊያም ፒክልስ የተባሉ የገጠር ሐኪም ነበሩ። በሰሜን እንግሊዝ በዌንስሊዴል ሸለቆ ሲሠሩ፣ ማን መቼ እንደታመመና ከማን ጋር ተገናኝቶ እንደነበር ይመዘግቡ ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወፍ በሽታ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ከተላለፈ በኋላ እስኪታይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከዚያ መዝገብ ተከታትለው አሳዩ። ስለዚህ ሥራቸው የጻፉት መጽሐፍ በ1939 ታተመ።

ሆኖም አንድ ሐኪም ብቻውን ሩቅ አይሄድም። አንድ ክሊኒክ በአንድ ክረምት ለጥናት የሚመች ስንት ሳላም ሊያገኝ ይችላል? ጥቂት ነው። በጥቂት ሰው ላይ የተመሠረተ ውጤት ደግሞ የዕድል ጉዳይ ይሆናል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የአውሮፓ የቤተሰብ ሐኪሞች ከ1974 ጀምሮ ለምርምር እየተገናኙ ሲመካከሩ ቆይተዋል፤ ኋላም የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እየመደበላቸው ትልልቅ የጋራ ጥናቶችን አካሄዱ።

ከእነዚህ አንዱ «ግሬስ» የተባለው ነው። በመጀመሪያ በ13 አገሮች ሳል ይዟቸው ወደ ቤተሰብ ሐኪም የሄዱ 3402 አዋቂዎችን መዘገቡ። በ2009 የወጣው ውጤት አስገራሚ ነበር። አንቲባዮቲክ የሚታዘዝበት መጠን ከቦታ ቦታ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፤ አንዱ ዘንድ ከመቶ ሕመምተኞች ለ20 ያህሉ፣ ሌላው ዘንድ ለ90 ለሚጠጉት ይታዘዛል። የሕመሙ ክብደት ግምት ውስጥ ገብቶ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። በሽታው የመዳኑ ፍጥነት ግን በየአገሩ ያው ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ያለ አንቲባዮቲክ ወደ ቤታቸው ከተላኩት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፈረንጆች አሉ። በስደተኛ ላይ አድልዎ የሚፈጸምበት ቦታ የለም አልልም፤ በሳል ጊዜ የሚሰጠን የፓራሲታሞል ምክር ግን ማስረጃው አይደለም።

ንቁ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ያነሣል። «ጋሼ፣ አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸው ምናልባት የባሰባቸው ቢሆኑስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐኪሞቹም ራሳቸው ጠይቀውታል። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥናት በዕጣ አደረጉት። በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ፖል ሊትል፣ ራሳቸውም የቤተሰብ ሐኪም ናቸው፣ መሪነት በ12 አገሮች የሚገኙ 2061 አዋቂዎች ተሳተፉ። የሳምባ ምች የተጠረጠረባቸው አልገቡበትም። ግማሾቹ አሞክሲሲሊን፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ የሚመስል፣ መድኃኒት ግን የሌለበት ኪኒን ለሰባት ቀን ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። በክፍል ውስጥ አንዱን ተክል ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠን እንደምናወዳድረው መሆኑ ነው።

ውጤቱ በ2013 ታወቀ። አሞክሲሲሊን የሳሉን ከባድ ጊዜ አላሳጠረም። 60 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑትም የተለየ ጥቅም አላገኙም። አንድ ሰው እንዳይብስበት ለማድረግ 30 ሰዎች መድኃኒቱን መዋጥ ነበረባቸው። በአንጻሩ 21 ሰዎች በዋጡ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ሰው ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ያዘው። እንግዲህ «ፓራሲታሞል ውሰድ» የሚለው ምክር ከስንፍና ወይም ከንቀት የመጣ ሳይሆን፣ የእነዚህ ሁለት ሺህ ሰዎች ሳል ያስገኘው ዕውቀት ነው።

አሞክሲሲሊን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ከበርበሬውና ከሽሮው መካከል ብቅ ይላል። ከዚያም ሳል ለያዘው ሁሉ ሁለት ሁለት ፍሬ ይታደላል። ያለ ቦታው በተወሰደ ቁጥር ግን ደካማዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞቱና መድኃኒቱን የለመዱት ቀርተው ይራባሉ። አንድ ቀን የሳምባ ምች እውነት ሲይዘን ኪኒኑ አልታዘዝ ይለናል። ይህን ስል ሳልን ናቁት ማለቴ አይደለም። ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ደም ያለበት አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከታየ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላልና።

ምርምሩ ሁልጊዜ «መድኃኒት አያስፈልግም» አይልም። ከ2016 እስከ 2018 በ15 የአውሮፓ አገሮች 3266 የኢንፍሉዌንዛ ምልክት ያለባቸው ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ታሚፍሉ የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በአማካይ በአንድ ቀን ቀድመው ዳኑ። በዕድሜ የገፉት፣ የባሰባቸውና ሌላ በሽታ ያለባቸው ደግሞ በሁለትና በሦስት ቀን ቀደሙ።

ከዚያ 2020 መጣ። ያን ጊዜ እኛ ሾፌሮች አንረሳውም። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ ኤፕሪል 20 ድረስ በተመዘገበው መሠረት፣ ከመቶ ሺህ ወንድ ታክሲ ነጂዎችና ሾፌሮች 36.4 ያህሉ በኮቪድ ሞተው ነበር፤ ከሙያዎች ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ስልካችን አላረፈም። አንዱ አዚትሮማይሲን ዋጥ ይላል፣ ሌላው ዶክሲሳይክሊን፣ ሌላው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። ያን ጊዜ የኢንፍሉዌንዛውን ጥናት ከመሩት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ክሪስ በትለር፣ «ፕሪንሲፕል» የተባለውን ጥናት በብሪታንያ ጀመሩ። ሰዎች ከቤታቸው ሳይወጡ ይሳተፉ ነበር። በ2021 መጀመሪያ ላይ አዚትሮማይሲንም ሆነ ዶክሲሳይክሊን ለኮቪድ እንደማይጠቅሙ ታወቀ። በዚያው ዓመት ለአስም በአፍ የሚሳበው ቡደሶናይድ ሕመሙን በሦስት ቀን ያህል እንደሚያሳጥር ታየ። በየክረምቱ በሳልና በኢንፍሉዌንዛ የተገኘው ልምድ ለክፉ ቀን ደረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የጥናት ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በአገሩ ቋንቋ ነው። ተሳታፊው ሕመሙን ዕለት ዕለት በቅጽ ይመዘግባል። ቋንቋውን የማያነብ ሰው ገና ከበሩ ይመለሳል። ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እናት ከክሊኒካቸው የመጣ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ይዘው መጡ። በጥናት ለመሳተፍ ይፈቅዱ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። «ልጄ፣ ሊሞክሩብኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። «እማማ፣ ይጠይቁዎታል እንጂ አያዝዙዎትም» አልኳቸው። አስተርጓሚ አስጠርተው ሄደው ጠየቁና ወደዱት። መጨረሻ ላይ ግን ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ ሊካተቱ እንደማይችሉ ተነገራቸው። ፈርተው የነበሩት እናት፣ አሁን የከፋቸው መቅረታቸው ሆነ።

ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ ታስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች እውነቱ ሳይነገራቸው፣ ፈዋሹ መድኃኒት ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ ክትትል ብቻ ሲደረግባቸው ኖረዋል። ዛሬ ግን ደንቡ ሌላ ነው። ጥናቱን አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምረዋል። ሳያስረዱህና ሳትፈርም አያስገቡህም። ከጀመርክ በኋላም ምክንያት ሳትሰጥ መውጣት ትችላለህ፤ በዚህ ሳቢያ የተለመደው ሕክምናህ አይጓደልም።

ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ ወደ ቅርጫት አትጣሉት። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ነውና ጠይቁ፦ ጥናቱ ምን ለማወቅ ነው? ምን ይሰጡኛል፣ ጉዳቱስ? ስሜንና መረጃዬን ማን ያየዋል? ቢብስብኝ ለማን ልደውል? ወረቀቱና አስተርጓሚው በአማርኛ ይገኛል? መልሱ ካላረካችሁ «አልፈልግም» ማለት መብታችሁ ነው፤ ካረካችሁ ግን ግቡበት። በየከተማው ያሉት ማኅበሮቻችንም የጥናት ወረቀቶች በአማርኛ እንዲዘጋጁ በጽሑፍ ቢጠይቁ፣ ነርሶቻችን፣ ፋርማሲስቶቻችንና ሐኪሞቻችን ትርጉሙን በማየት ቢያግዙ ትልቅ ሥራ ነው። ነገ ለስኳርና ለደም ግፊት የሚታዘዝልን መድኃኒት የሚወሰነው ዛሬ በሚመዘገቡት ሰዎች ነውና፣ እኛም ከመዝገቡ ውስጥ እንኑር።