ከጋፋት ኮረብታ፣ ስለ ዝሆን

ከዓመታት በፊት ነው። የልጅ ልጄ ከውጭ አገር ለቡሄ መጥታ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወዳለው ጋፋት በጭቃው ይዣት ወጣሁ።

«እምዬ፣ ታይላንድ ሄጄ በዝሆን መጠለያ በፈቃደኝነት ላገለግል ነው። ዝሆን አጥባለሁ፤ ቀብድም ከፍያለሁ» አለችኝ።

ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራበት ነው። በ1860 ዓ.ም. ያን መድፍ ሰው በገመድ እየጎተተ፣ መንገድ እየጠረገ በወራት ድካም መቅደላ አደረሰው። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ከህንድ በመርከብ ያመጧቸውን 44 ዝሆኖች መድፍ አሸክመው ወደ መቅደላ ዘመቱ። የሰዉን ድካም እናወሳለን፤ የዝሆኖቹን ጀርባ ያስታወሰ ግን የለም።

«መታጠቡ ለዝሆኑ ነው ወይስ ለፎቶሽ?» አልኋት። ዝሆን ገላውን ራሱ ይታጠባል። ሰው እንዲሸከም የሚገራው ብዙ ጊዜ በግልገልነቱ ከእናቱ ተነጥሎ፣ ታስሮና ተደብድቦ ነው። ደህና መጠለያ እንግዳውን ከርቀት ያሳየዋል፤ ፈቃደኛውን መኖ ያስከትፈዋል፣ ግቢ ያስጠርገዋል። በነርስነት ዘመኔ «ካላቀፍሁት» እያለ የበሽተኛውን ቁስል የሚነካ ጠያቂ ብዙ አይቻለሁ፤ የሚያስታምመው ግን ዝም ብሎ አልጋ የሚያነጥፈው ነው።

ማታ ጽፋ ጠየቀቻቸው፦ «ግልቢያ አለ? እንግዳ ያጥባል?» ሁለቱም አለ። ቀብዱ ቀረ፤ እሷም ቀረች።

ልጆቻችሁ ለበጎ ሥራ ሲነሡ መርቁ፤ ከመክፈላቸው በፊት ግን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አስጠይቋቸው።