ከ500ው የትኞቹን እንይ?



በዚህ ዕትም የምናወጋችሁ ስለ ፈተናም ስለ ጂፒኤም አይደለም፤ ስለ አኒሜ ነው። «እነዚህ ልጆች ደግሞ ምን ነካቸው?» እንዳትሉን። ነገሩ ከሰዓታችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለብዙዎቻችሁ ሳይጠቅም አይቀርም። በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ከዶርም ወደ ዶርም የሚዞረውን ፋይል የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ከተማሪ ሕይወት ጋር የማይሄደው ደግሞ የአንዳንዱ አኒሜ ርዝመት ነው። ፍሬሽ ሆኖ የጀመረ ሰው ሳይጨርሰው ይመረቃል፤ ሌላው ደግሞ በሁለት ሳምንት ጨርሶት ሚድ ላይ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል።

እኛ በአንድ ዶርም የምንኖር ስድስት ሴቶች ነን። አንዷ ዘንድሮ ተመራቂ ናት፣ አንዷ ገና ፍሬሽ ናት፣ የቀረነው አራታችን መሀል ላይ ነን። በዓመቱ መጀመሪያ «ናሩቶ ሺፑደን»ን አብረን ለማየት ተስማማን። ተመራቂዋ ልጅ ከመውጣቷ በፊት ስድስታችን አንድ ላይ የምንጨርሰው ነገር እንዲኖር ፈልገን ነበር። ከዚያ ቁጭ ብለን ስናሰላ ደነገጥን።

«ሺፑደን» 500 ክፍል አለው። አንዱ ክፍል 23 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ሲባዛ ወደ 190 ሰዓት ይመጣል። አንድ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት ውስጥ 48 ሰዓት ሌክቸር አለው። ስለዚህ «ሺፑደን»ን ከዳር እስከ ዳር ማየት አንድም ቀን ሳይቀሩ የአራት ኮርስ ሌክቸር እንደ መከታተል ነው። ያውም ከእሱ በፊት ያለውን 220 ክፍል ሳንቆጥር።

እኛ ያለን ደግሞ ይህ ነው፦ ቅዳሜ ማታ፣ ከዒሻእ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት። ከሁለቱ ሴሚስተር 32 ሳምንት የሚድና የፋይናል ሳምንታት ሲወጡ 28 ይቀራል። በረመዷን ላፕቶፑ ይዘጋል፤ እሱ ድርድር የለውም። ስለዚህ 24 ቅዳሜ። የመክፈቻውና የመዝጊያው ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳሉ፤ እነሱ ሲዘለሉ አንዱ ክፍል 20 ደቂቃ ይሆናል። በአንድ ቅዳሜ ስድስት ክፍል ማለት ነው። 24 ጊዜ 6፣ 144። ከ500ው 144ቱን ነው ማየት የምንችለው። የትኞቹን?

መጀመሪያ ያነሳነው ጥያቄ ይህ ሁሉ ክፍል ከየት መጣ የሚል ነበር። «ናሩቶ» ማሳሺ ኪሺሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ ያወጣው ማንጋ ነው፤ በ700 ምዕራፍ አልቋል። አኒሜው በ2002 ሲጀመር ማንጋው ገና እየተሳለ ነበር። ደራሲው በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ ማለትም ወደ ሃያ ገጽ የሚጠጋ ሥዕል ያወጣል። አንድ የአኒሜ ክፍል ግን ሁለትና ሦስት ምዕራፍ በአንዴ ሊበላ ይችላል። ቴሌቪዥኑ በየሳምንቱ ክፍሉን ይጠብቃል፤ ስለዚህ አኒሜው ማንጋውን ይደርስበታል። ድስቱ ባዶ ሲሆን እንግዳ እንዳይመለስ የሚደረገው ሁሉ እዚያም ይደረጋል።

አንዱ ዘዴ አዲስ ታሪክ መፍጠር ነው። ተመልካቹ «ፊለር» የሚለው፣ መሙያ እንበለው፣ እሱን ነው። በመጀመሪያው «ናሩቶ» ከክፍል 136 እስከ 219 ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል መሙያ ነው። የቲቴ ኩቦ «ብሊች» ላይ ከ64 እስከ 108 ድረስ በማንጋው ውስጥ ጨርሶ የሌለ ታሪክ ገብቷል። ሁለተኛው ዘዴ ወጡን ማቅጠን ነው። «ዋን ፒስ» ላይ የድሬስሮዛ ታሪክ በማንጋው ወደ 100 ምዕራፍ ሲሆን በአኒሜው 118 ክፍል ፈጅቷል፤ ሩጫው፣ ድንጋጤውና የፊት ገጽታው ሁሉ ተለጥጧል። «ድራጎን ቦል ዚ» ላይ ፕላኔቷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች ተብሎ አምስቱ ደቂቃ አሥር ክፍል ያህል መቆየቱ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ሦስተኛው ዘዴ አቁሞ መጠበቅ ነው። «ብሊች» በ2012 በክፍል 366 ቆሞ የመጨረሻውን ታሪክ ይዞ የተመለሰው በ2022 ነው። ዛሬ ብዙዎቹ አዳዲስ አኒሜዎች በ12 ወይም በ24 ክፍል አረፍ እያሉ የሚወጡት ይህንን መንገድ ስለመረጡ ነው።

ይህን ስናውቅ ምርጫው ቀላል መሰለን። «ሺፑደን» ውስጥ 200 ያህሉ ክፍል መሙያ ነው፤ እነሱን መጣል። የቀረው 300 ነው። ከ300ው ደግሞ 156 መቀነስ ነበረብን። ጭቅጭቁ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ተመራቂዋ ልጅ የአካውንቲንግ ተማሪ ስለሆነች እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ «በማንጋው ውስጥ የሌለ ሁሉ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለች። ከመሀከላችን አንዷ ግን ክፍል 349ን አነሳች። ከዚያ እስከ 361 ያሉት 13 ክፍሎች የካካሺን የወጣትነት ዘመን ይተርካሉ። በአብዛኛው ከማንጋው ውጭ የተሠሩ ናቸው፤ በመሙያ ዝርዝር ውስጥም ይገኛሉ። ነገር ግን ያ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ፣ መጽሐፉን ከእጁ የማይለይ ሰው ከምን ሸክም ጋር እንደሚኖር የሚታየው እዚያ ነው። «ይህን ጥለሽ የጦርነቱን ትዝታ ሦስት ጊዜ ልታሳዪን ነው?» አለቻት። እውነቷን ነበር። ከጦርነቱ ክፍሎች ብዙዎቹ ማንጋውን የተከተሉ ቢሆኑም ቀደም ሲል ያየነውን እየደጋገሙ የሚያሳዩ ናቸው።

ስለዚህ መለኪያውን ቀየርነው። ከማንጋው መጣ ወይስ አልመጣም የሚለውን ትተን ሌላ መጠየቅ ጀመርን፦ ይህ ክፍል ካለቀ በኋላ ስለ አንድ ሰው የማናውቀው ነገር አውቀናል? ይህን ብንዘለው ወደፊት የሚመጣ ለቅሶ ወይም ይቅርታ አይገባንም? ሁለቱም መልስ «አይ» ከሆነ፣ ድብድቡ የቱን ያህል ቢያምር ይዘለላል። ከዚህ ሌላ አንድ ላይ ተቀምጠን ለማየት የምናፍርበት ቀልድ ሲመጣ ያለ ድምፅ ብልጫ ይታለፋል፤ ላፕቶፑ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ሥራዋን ታውቃለች።

በዚህ መለኪያ አንዳንዱ ክፍል ያለ ክርክር ገባ። ከ72 እስከ 88 ያለው የአሱማና የሺካማሩ ታሪክ ገባ። ክፍል 133 ገባ፤ ያያችሁ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ላላያችሁ አንናገርም። ሳስኬ ከወንድሙ ጋር የሚገናኝበትና ከዚያ በኋላ እውነቱ የሚወጣበት ገባ። ፔይን ወደ መንደሩ የሚመጣበት፣ በተለይም ናሩቶ በመጨረሻ ከመምታት ይልቅ ቁጭ ብሎ መስማትን የሚመርጥበት ገባ። ከ427 እስከ 450 ያለው ግን ወጣ። ታሪኩ ጫፍ ላይ ደርሶ ሁላችን ትንፋሻችንን ይዘን ሳለ 24 ክፍል ወደ ሕልም ይወስደናል፤ ይህ ለእኛ አራት ቅዳሜ ነው።

በጣም ያከራከረን ከ57 እስከ 71 ያለው ነው። መሙያ ነው፣ ደግሞም ይንቀራፈፋል። ነገር ግን የአሱማ የድሮ ጓደኞች የሚመጡት እዚያ ነው፤ ሰውየውን ቀረብ ብለን ካላወቅነው ከ72 ጀምሮ ያለው ነገር እንዲህ አይከብደንም። አሥራ አምስት ክፍል ግን አይገባም። መፍትሔው ከድሮው ዘመን መጣ። ከእኛ አንዷ ቀድማ አይታው ስለነበር መብራት በጠፋበት አንድ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና በቃሏ ተረከችልን። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ድምፅ እየቀያየረች ስትናገር ከጎረቤት ዶርም ሁለት ልጆች መጥተው በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሦስተኛው መደባችን ሆነ፦ የሚታይ፣ የሚዘለል፣ የሚተረክ። የጦርነቱን ረጅም ክፍል ደግሞ ተራ በተራ ከማንጋው እያነበብን እንተርካለን። አንዱ ምዕራፍ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይነበባል፤ ለሻይ ሰዓት ይበቃል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ 138 ክፍል ሆነ። ስድስት ክፍል፣ ማለትም አንድ ቅዳሜ ተረፈን። ተመራቂዋ «ይህ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ» አለች።

እስካሁን ብዙም ያልተናገረችው ፍሬሿ ልጅ ያን ጊዜ «ክፍል 101 የለበትም?» ብላ ጠየቀች። ከ«ሺፑደን» አልነበረም የምትለው፤ ከመጀመሪያው «ናሩቶ» ነው። ክፍል 101 ናሩቶ፣ ሳስኬና ሳኩራ የመምህራቸውን የካካሺን ፊት ከጭምብሉ ሥር ለማየት ቀኑን ሙሉ የሚለፉበት ነው። መሙያ ነው። ማንም አይሞትም፣ ማንም አይለወጥም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት አያስፈልግም። በሁለቱም ጥያቄያችን ወዳቂ ነው። አልንም፣ ነገርናትም።

እሷም እንዲህ አለችን። ልጅ ሆና ወንድሟ ከሰፈራቸው ፊልም ቤት በሜሞሪ ካርድ አስጭኖ ይመጣ ነበር። ክፍሎቹ በቅደም ተከተል አይመጡም፤ 12፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 101። ሌላውን እስኪያመጣ ድረስ ያለውን ደጋግመው ያያሉ። 101ን ስንት ጊዜ እንዳዩት አታውቅም። ወንድሟ አሁን ሪያድ ነው የሚሠራው፤ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ሲደውል ሥራውን አያወራም። «ፊቱን አየሽው?» ይላታል፤ እሷም «ገና ነኝ» ትለዋለች፤ ከዚያ ስለ እናታቸው ያወራሉ።

ዶርሙ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ተመራቂዋ ልጅ ወረቀቱን አነሳችና «መጠባበቂያ» የሚለውን ሰርዛ «ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ» ብላ ጻፈች። ስድስት ክፍል፣ ስድስት ሰው። እያንዳንዳችን አንድ ክፍል እንመርጣለን፤ ለምን ብሎ መጠየቅ የለም፤ መለኪያ የለም፤ ከየትኛውም አኒሜ ይሁን። የመጨረሻው ቅዳሜ ለእሱ ተያዘ።

አንድን ነገር ለማየት ከመቀመጥ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ መቁጠር ተገቢ ነው፤ ያ ሰዓት የሌላ ነገር ሰዓት ነውና። የእኛ ዝርዝር 362 ክፍል ጥሏል። በዚህም የተረፈን ጊዜ ለጥናት፣ ለሒፍዝ፣ ለእንቅልፍም ሆኗል። ቆጥረን ስለጨረስን ግን የቀረችውን አንድ ማታ ለማንም ማስረዳት ሳያስፈልገን መስጠት ቻልን። ሁሉንም የሚያይ ሰው ስጦታ የሚሆን ቅዳሜ አይተርፈውም።

በጓደኛ ዶርም ረጅም አኒሜ ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ የምንላችሁ ይህን ነው፦ በመጀመሪያ ያላችሁን ማታ ቁጠሩ፣ ክፍሉን ኋላ ትቆጥራላችሁ። የመሙያ ዝርዝር ከሰው ብትቀበሉም እንደ ፍርድ አትያዙት፤ ከማንጋው የመጣ አሰልቺ አለ፣ ከማንጋው ያልመጣ መልካምም አለ። መተረክ የምትችል ጓደኛ ካለቻችሁ ሃያ ክፍል ታድናችኋለች። ደግሞም ሁሉንም ማታ አትሙሉት።

ይህን ስንጽፍ ሰባት ቅዳሜ ቀርቶናል። አምስታችን የመረጥነውን አልተነጋገርንም፤ የፍሬሿ ግን ይታወቃል። ወንድሟ በዚያን ዕለት ማታ እንዲደውል ከአሁኑ ነግራዋለች፤ ኢንሻአላህ ስልኩን ላፕቶፑ አጠገብ እናቆመዋለን።