የመጻሕፍት ዝርዝርና የአገራችን ስም

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተማሪዎች የሆንን እኛ፣ ለትምህርቱ እንድናጠና የታዘዝነው «በአገራችሁ ሰው አእምሮውን ሲታመም ምን ይባላል? ማንስ ያክመዋል?» የሚል ጥያቄ ነበር። በመደርደሪያው ላይ፣ በሥነ ልቡና ክፍል፣ ያገኘነው በአብዛኛው የውጭ አገር ኮሌጅ ተማሪዎችን ጠባይ ነው። መጻሕፍቱ መልካም ናቸው፤ የእኛን ሰው ግን አያውቁትም።

ስለዚህ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርን። «ሲዳማ» ብለን በላቲን ፊደል ስንጽፍ የቡና ነገር ተግተልትሎ መጣ። የመጨረሻዋን «ማ» ወደ «ሞ» ስንለውጣት ግን ሌላ በር ተከፈተ፤ ይኸውም ጆን ሐመርና አይሪን ሐመር በ1966 እ.ኤ.አ. «ኢትኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ስለ መንፈስ መያዝና ስለ ማኅበራዊና ሥነ ልቡናዊ ትርጉሙ ያወጡት ጽሑፍ ነው። በዚያን ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ ሲዳሞ ይባል ነበርና ጸሐፊዎቹ ሕዝቡንም በዚያው ስም ጠሩት። መጽሔቱም የሥነ ልቡና ሳይሆን የሕዝቦች ባህል መጽሔት ስለሆነ በእኛ ክፍል መደርደሪያ ብቻ የሚመላለስ ተማሪ ዕድሜ ልኩን አያገኘውም። ከተማችንም እንዲሁ በ«ሀ» የምትጀምርና «ሀ» የሌላት ሁለት ከተማ ሆና ተመዝግባለች። ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ስለ ነበር የቀድሞ ጥናቶቹን የሚሻ ሰው ይህንንም ስም መያዝ አለበት።

የሰው ስም ደግሞ የባሰ ነው። የውጭ አገር ዝርዝር የአባትን ስም ያስቀድማል። በቡታጅራ የአእምሮ ጤና ጥናት ካካሄዱት ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም የሚገኙት በ«አታላይ» ሳይሆን በ«ዓለም» ሥር ነው። ሥራውን ልጅ ሠራ፣ ስሙን አባት ወሰደ እያልን ሳቅን። (የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን አልሳቁም፤ ይህን ቀልድ በየዓመቱ ሳይሰሙት አይቀሩም።)

ሳቁ የቆመው የሐመሮችን ጽሑፍ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በየተራ ማንበብ ስንጀምር ነው። ከመካከላችን እናቱን «መንፈስ ይዟታል» ሲሏት እየሰማ ያደገ ጓደኛ አለን። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማና «ይህ ሲጻፍ እናቴ አልተወለደችም። ከዚያ ወዲህስ ማን ጠየቀ?» አለ።

መልስ የሰጠው አልነበረም። አሁን የያዝነው ፍለጋ ይኸው ነው፤ በ«ማ»ም በ«ሞ»ም።